የሰው ወርቅ በካርድ ክፍል

ባለፈው እሑድ የሰፈራችን እድር ወርኃዊ ስብሰባ ካበቃ በኋላ፣ እንደ ልማዳችን አምስት ሆነን የእድሩ ድንኳንና ወንበር ከሚቀመጥበት ቤት አጠገብ ጀበና ከምታፈላው ሴት ዘንድ ተቀመጥን። ጨዋታውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። በዚያው ሳምንት እናቴን ለደም ግፊት ክትትሏ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበርና፣ የገጠመኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎ ሰንብቷል።

እናቴ በዚያ ጤና ጣቢያ ክትትል የጀመረችው ካርድ ክፍሉ «ከእንግዲህ ወረቀት ቀረ» ባለበት ሰሞን ነበር። ስሟና ቁጥሯ ኮምፒውተር ላይ ተመዘገበ፤ በየቀጠሮው የተለካው ግፊቷ፣ የተቀየረላት መድኃኒት፣ የኩላሊት ምርመራዋ ውጤት ሁሉ እዚያው ይገባ ጀመር። በዚህ ሳምንት ስንሄድ ግን ኮምፒውተሩ በነጠላ ቁራጭ ተሸፍኖ አገኘነው። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የእናቴን ማኅደር ከመደርደሪያው ላይ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው፤ የወረቀት ማኅደር ኖሯት አያውቅምና ሊያገኘውም አይችልም ነበር። በመጨረሻ «እንደ አዲስ ይውጣላት» ብሎ ባዶ ካርድ ላይ ስሟን ጻፈ። የጤና መኮንኑ «እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት የትኛው ነው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ የመቀነቷን ቋጠሮ ፈትታ የጨረሰችውን ክኒን ባዶ ልጣጭ አውጥታ ሰጠችው። የሁለት ዓመት ታሪኳ እዚያው ግቢ ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጦ ሳለ፣ የሚያክማት ሰው ከባዶ ልጣጭ ላይ ያነብብ ነበር። በኮምፒውተሩ ጎን ላይ ዕቃው ከአንድ የውጭ አገር ሕዝብ የተበረከተ መሆኑን የሚገልጽ ተለጣፊ አለ። ምን ሆኖ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን የሚያቆየው የዩፒኤስ መሣሪያ ባትሪ ሞቷል፤ ባትሪ የሚቀይረውም ሲበላሽ የሚጠግነውም የፕሮጀክቱ ልጅ ነበር፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የእሱም ውል ተቋረጠ አሉኝ።

ይህን ስናገር በዕድሜ የሚበልጡን፣ ዘመናቸውን በመንግሥት ሂሳብ ሥራ ጨርሰው ጡረታ የወጡትና አሁን የእድራችን ገንዘብ ያዥ የሆኑት ሰው ሲኒያቸውን አስቀመጡና «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የታላቅ እህታቸውን ሠርግ አነሡ። እናታቸው ሙሽራዪቱ ባዶ አንገቷን ለሙሽራው ወገን እንዳትታይ ብለው ከጎረቤት ድሪ ተውሰው ነበር። በሠርጉ ዕለት ጠዋት እናታቸውና የድሪው ባለቤት በማይረባ ነገር ተጋጩ፤ ሴትዮዋም ዳሱ ውስጥ ገብታ፣ እንግዳው ሁሉ እያየ፣ ሙሽራው ሊደርስ ሲል ድሪውን ከሙሽራዪቱ አንገት ላይ አስፈታች። «እህቴ እስከ ዛሬ ሠርጓ ሲነሣ ትዝ የሚላት የአንገቷ መራቆት ነው» አሉን። «ከመጀመሪያው የእናታችንን ማተብ አስራ ብትወጣ ኖሮ ማንም ባልነካት።»

ተቃውሞ የመጣው ብዙ ዓመት በአጋር ድርጅቶች ውስጥ ካገለገለው ወዳጃችን ነው። ትጉህ ሰው ነው፤ ለክፋትም አይናገርም። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ያቀረበው መከራከሪያ በየሥልጠናው አዳራሽ የሰማነውን የሚደግም ነበር። «ጋሼ፣ ይህ የድሮ ተረት ነው፤ ዓለም የሚኖረው ተደጋግፎ ነው» ብሎ ጀመረ። ጓንትና መድኃኒት መግዣ ያጠረው ጤና ጣቢያ ከገዛ ኪሱ ሰርቨር ይግዛ ማለት ቅንጦት ነው፤ የሚሰጥ ካለ መቀበል ነው፤ አንዱ ለጋሽ ቢሄድ ሌላው ይመጣል አለ። ከዚያም ስለ አቅም ግንባታ፣ ስለ ዘላቂነት፣ ስለ ሽግግር ዕቅድ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ገንዘብ ያዡ እስኪጨርስ ጠበቁትና «በሽግግር ዕቅዱ ላይ ባትሪውን ማን እንደሚገዛ ተጽፏል?» አሉት። ወረዳው ይገዛል ተብሎ መጻፉን ነገራቸው። «ወረዳውስ ይህን ያውቃል?» ሲሉት ወደ ሲኒው አጎነበሰ።

እዚህ ላይ ከመካከላችን በዕድሜ የምታንሰው፣ በአንድ ወረዳ የጤና መረጃ ባለሙያ ሆና የምትሠራው ልጅ ገባች። ያስቆጣት «ሌላው ይመጣል» የሚለው ቃል ይመስለኛል። «በ2017 ዓ.ም. ጥር 12 ቀን፣ እኛ ቃና ዘገሊላን ስናከብር፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት በዚያው ዕለት የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀናት እንዲታገድ ትእዛዝ ፈረሙ» አለችው። «ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ተመልሰው ሳምንት ሳይሞላ ሥራ አቁሙ የሚለው ደብዳቤ ደረሰ። በጤና ሚኒስቴር በኩል በአሜሪካ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ሰኔ 24 ቀን የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። አንተ ሌላው ይመጣል ትላለህ፤ እንግሊዝ በዚያው ዓመት የካቲት ወር የዕርዳታ በጀቷን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ አስታወቀች። የመጣው ሌላ ለጋሽ የታለ?»

ቀጥላ የተናገረችውን እንደ ወረደ ላስቀምጠው፤ ከዚያን ዕለት ወዲህ ከአእምሮዬ ያልጠፋው እሱ ነውና። እሷ በምትሠራበት ወረዳ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። ታብሌት በተሰጣት ጊዜ የወረቀቱን የቤተሰብ ማኅደር ተዪው ያላት ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ቀን ቤት ለቤት ስትዞር በወረቀት ትሞላለች፤ ማታ ያንኑ ወደ ታብሌቱ ትገለብጣለች። ጤና ኬላዋ መብራት ስለሌለው ታብሌቱን ቻርጅ የምታደርገው ገበያ መሃል ካለ ሱቅ ነው። የኢንተርኔት ጥቅሉን ፕሮጀክቱ ይሞላላት ነበር። ሲቆም ለሦስት ወር ያህል ከደመወዟ እየቀነሰች ገዛች፤ ከዚያ በላይ አልቻለችም። አሁን ታብሌቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከክትባት ካርዶች ሥር ተቀምጧል። «እሷ ግን ዛሬም አለች» አለች ልጅቱ። «ዛሬም ቤት ለቤት ትዞራለች፣ ነፍሰ ጡር ትመዘግባለች፣ ሕፃን ታስከትባለች። ደመወዟን የሚከፍላት መንግሥት ነውና ማንም ከዋሽንግተን ሊያስቆማት አልቻለም። የቆመው የሰው የሆነው ብቻ ነው።»

ገንዘብ ያዡ ራሳቸውን እየነቀነቁ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አሉ።

እኔ በበኩሌ ክርክሩ እዚህ ላይ ያለቀ መሰለኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ይህች ድኻ አገር ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን አሠልጥና በመንግሥት ደመወዝ ልትይዝ እንደምትችል ስንት ሰው አምኖ ነበር? ብዙ የአፍሪካ አገሮች የገጠር ጤና ሠራተኞቻቸውን በበጎ ፈቃድና በለጋሽ አበል ሲያቆዩ፣ እኛ ግን መደበኛ ደመወዝተኛ አደረግናቸው። ደመወዙ አነስተኛ ነው፤ እነርሱም በትክክል ያማርራሉ። ቢሆንም በየወሩ ከራሳችን ካዝና ስለሚወጣ የውጭ ሰው ፊርማ አያቋርጠውም። የሰው ኃይሉን በራሳችን ገንዘብ ካቆምን፣ እጇ ላይ የምትይዘውን መሣሪያ በራሳችን ገንዘብ ማቆም ለምን የማይታሰብ ነገር እንደሚሆን እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም።

ወዳጃችን ግን መሸነፍን አልወደደም። መንገድ ለወጠና «እንግዲያው ሶፍትዌሩንም ጣሉት፤ እሱም የኖርዌይ ነው» አለ። በአገራችን ጤና ተቋማት ሁሉ ወርኃዊ ሪፖርት የሚላክበት፣ ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው ሥርዓት የሚዘጋጀው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ እውነት ነው፤ እኛም በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ያዋልነው በ2010 ዓ.ም. ገደማ ነው። ልጅቱ ግን ይህን ከእሱ በተሻለ ታውቀዋለች። ሥርዓቱ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ መሆኑን፣ የመጀመሪያው መልኩ የተወለደው ደግሞ ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን መሆኑን ነገረችው። «ዘር ከጎረቤት መውሰድ ነውር ሆኖ አያውቅም» አለችው። «ገበሬ ዘር ይዋሳል፤ ማሳው ግን የራሱ ነው፤ አርሞ ኮትኩቶ የሚያሳድገውም ራሱ ነው። እኛ ያደረግነው ዘሩንም፣ በሬውንም፣ አራሹንም፣ አራሚውንም ከሰው መውሰድ ነው፤ በመኸር ጊዜ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲመለስ ማሳው ላይ ቆመን ቀረን።»

ልዩነቱ ለእኔ ግልጽ ነው። ዕውቀት ድንበር የለውም፤ ከኦስሎም ይምጣ ከኬፕ ታውን፣ የተማረው ሁሉ ይጠቀምበታል። ድንበር ያለው በየወሩ የሚከፈለው ነው፦ የባለሙያው ደመወዝ፣ ባትሪው፣ የኢንተርኔቱ ክፍያ፣ የሰርቨሩ ጥገና። እነዚህን የሚከፍል ሰው ነው የሥርዓቱ ባለቤት፤ ተለጣፊው ላይ የማንም ስም ይጻፍ።

ከዚያ ወዳጃችን ክርክሩን ወደ ኬንያ ወሰደው። የጤና መድን አሠራሯን ዲጂታል ለማድረግ ከ104 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ በላይ የሚያወጣ ውል በአገር ውስጡ ትልቅ የቴሌኮም ኩባንያ ለሚመራ ጥምረት ሰጠች፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ግን የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መንግሥት የሥርዓቱ ባለቤት እንዳልሆነ በሪፖርቷ አጋለጠች። «ይኸው፤ የአገር ውስጥ ኢንቨስትመንት ያላችሁት ይህንን ነው» አለ፤ ደስ ብሎት። ከተናገረው ሁሉ ጥርስ ያለው ይህ ብቻ ነበርና ለአፍታ ሁላችንም ዝም አልን። መልሱን የሰጡት ገንዘብ ያዡ ናቸው። «ልጄ፣ አንተ የነገርከኝ ሰው ከፍሎ የራሱ ያላደረገውን ነገር ነው። የጎረቤትህ ስም ስላለበት የሰው ወርቅ መሆኑ አይቀርም። እኔ የምልህ ክፈልና የአንተ ይሁን ነው» አሉት። ልጅቱም የዚያው የኬንያ ሌላ ታሪክ ጨመረች፦ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 ኬንያና አሜሪካ የጤና ትብብር ስምምነት በተፈራረሙ በቀናት ውስጥ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የዜጎችን የጤና መረጃ ማስተላለፍን የሚመለከተውን ክፍል በጊዜያዊነት አግዶታል። የለጋሽ ገንዘብ ወደ ካርድ ክፍል ሲገባ የሕሙማን መዝገብ በየት በኩል ሊወጣ እንደሚችል ኬንያውያን አስቀድመው ጠየቁ። እኛም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥተናል፤ የጤና መረጃም በአዋጁ ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ነው። አዋጁ ያለው ግን ሰርቨሩ ከሚገኝበት ክፍል ውጭ፣ ወረቀት ላይ ነው። መብራቱን የሚከፍል ሌላ በሆነበት ቤት ቁልፉ የእኔ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ቀጥሎ የተነሣው ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው፤ ብዙ የቆየነውም በዚሁ ላይ ነው። ወዳጃችን እዚህ ላይ ጠንካራ እንደሚሆን ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን «ድኾች ነን፤ በቃ» ከሚለው አላለፈም። ገንዘብ ያዡ የአርባ ዓመት ሥራቸውን ይዘው ተነሡ። ጤና ጣቢያ ከካርድ፣ ከመድኃኒትና ከላቦራቶሪ የሚሰበስበውን የውስጥ ገቢ በቦርዱ ውሳኔ እንዲጠቀምበት ከተፈቀደለት ብዙ ዓመት ሆኗል። ከዚያ ገቢ ላይ ለኮምፒውተር ጥገና የበጀት መደብ ከፍቶ የያዘ ጤና ጣቢያ በሥራ ዘመናቸው ሁለት ብቻ አጋጥሟቸዋል። የቀሩት ለግድግዳ ቀለም፣ ለመጋረጃ፣ ለእንግዳ ማረፊያ ወንበር አውጥተዋል፤ ለሰርቨሩ ሲጠየቁ «እሱ የፕሮጀክት ነው» ይላሉ። «መደብ ያልተከፈተለት ዕቃ በቤትህ እንግዳ ነው» አሉ ገንዘብ ያዡ። «እንግዳ ደግሞ ሲመሽ ይሄዳል።»

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንንም አነሡ። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ገበሬ ሳይታመም ለሕክምና አይከፍልም የተባለው በየመሥሪያ ቤቱ ነበር። ገበሬው ግን ከፈለ፤ ዛሬ መድኑ በአብዛኛው የአገሪቱ ወረዳ ደርሷል። ለምን ከፈለ ቢባል፣ እድር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ስለሆነ ነው። በሚገባ የተያዘ የሕሙማን መዝገብ ደግሞ ለመድኑ ትርፉ ይበልጣል፤ ጤና ጣቢያው ለመድኑ አባላት የሰጠውን አገልግሎት ቆጥሮ ሂሳቡን ሲጠይቅ ከጠፋ ካርድ ጋር የሚጠፋ ገንዘብ አይኖርምና። ገንዘብ ያዡ ይህን በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ መስመር እያሰመሩ አስረዱን፤ በግራ የሚወጣው፣ በቀኝ የሚገባው።

ከእኛ ጋር የነበረው አምስተኛው ሰው ስልክ ጠጋኝ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙም አልተናገረም። የእናቴን ጤና ጣቢያ ዩፒኤስ ዓይነት ጠየቀኝ፤ እኔም እንደ ማስታውሰው ነገርኩት። ባትሪውን እሱ ራሱ በዚያው ቀን ሊቀይረው እንደሚችል፣ ዋጋውም ባለፈው ወር እድሩ ለአንድ ቀብር ካወጣው እንደማይበልጥ ነገረን። ቀጥሎም «ግድብ የሠራ ሕዝብ ባትሪ አቃተው ሲባል እኔ አፍራለሁ» አለ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል ብድር የሚሰጥ አልተገኘም ነበር፤ መምህሩ ከደመወዙ፣ ጫማ ጠራጊው ከዕለት ገቢው፣ በዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራው ልጅ ከላቧ ቦንድ ገዙ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ወዳጃችን «ግድብ በዓይን ይታያል፤ ለመረጃ ማን ያዋጣል?» አለ። እውነት አለው፤ መረጃ አይታይም። ነገር ግን ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው ቴሌብር ላይ ገንዘቡን ያስቀመጠው ብሩን በእጁ እየዳሰሰ አይደለም። ሰው የሚያምነው ሲፈልገው የሚያገኘውን ነው። እናቴ በመቀነቷ ቋጠሮ የልጣጭ ቁራጭ የያዘችው ኮምፒውተሩ አንድ ቀን እንደሚከዳት ሳታውቅ አልቀረችም።

የውጭ ምንዛሪም ነገር ተነሣ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዶላር የሚከፈል የሰርቨር ኪራይና ፈቃድ ያለው ሥርዓት በአንድ ክረምት ዕዳው በእጥፍ አደገ ማለት ነው፤ በብር የሚከፈለው የባለሙያ ደመወዝና አገር ውስጥ ያለ ሰርቨር ግን በዚያ ልክ አልናረም። ወዳጃችን ይህን «ለዚህ ነው ዶላር ያለው ሰው የሚያስፈልገን» ብሎ ተረጎመው። ልጅቱ በረጅሙ ተነፈሰች።

እኔ ወገኔን መደበቅ አልፈልግም፤ እስካሁንም አልደበቅኩም። የውጭ ድጋፍ ክልክል ይሁን የሚል ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበረም። አንድ ነገር ግን ከልቤ አምናለሁ፦ የሕሙማን መዝገብ እንደ ቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት፣ እንደ መስጊድ ምንጣፍ፣ እንደ እድር ድንኳን በባለቤቱ ገንዘብ መቆም ያለበት ነገር ነው፤ ከውጭ የሚመጣው በላዩ ይጨመር። ትንሽም ቢሆን በየዓመቱ በወረዳው በጀት ውስጥ፣ በጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ ውስጥ፣ የራሱ መደብ ተከፍቶለት ይያዝ። ሰፊ ሆኖ በአንድ ፊርማ ከሚጠፋ፣ ጠባብ ሆኖ በየዓመቱ የሚኖር ይሻላል። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና እንደሚመድቡ ቃል ገቡ። በዚያን ጊዜ የተወለደ ሕፃን ዛሬ የልጅ አባት ሆኗል፤ ከቃል ገቢዎቹ አብዛኛዎቹ ግን እዚያ አልደረሱም፤ እኛም አልደረስንም። ቃሉን ስንገባ የሰማን ለጋሽ ነበር፤ ስናፈርሰው የሚጠይቀን ሕመምተኛ ግን የለም፤ ሕመምተኛው ቃሉ መገባቱን አያውቅምና።

የሚያስቆጨኝ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የለመድነው ልማድ ነው። አዲስ ነገር ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይጠፋም፤ ያው ነገር ሲሰበር ለጥገና የሚፈርም ሰው ፍለጋ ግን ሦስት ቢሮ እንዞራለን። ስለ መረጃ አጠቃቀም ለመነጋገር ቢሾፍቱ፣ አዳማና ሐዋሳ ሆቴል ገብተን ውሎ አበል ተቀብለናል፤ በተመለስንበት ሳምንት ካርድ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሕመምተኛ ካርዱን ሲያጣ ዘወር ብሎ ያየ ግን የለም። ሪፖርት የምንጽፈው ለማን እንደሆነ ረስተናል። ስንት ወጣት ባለሙያ ጎበዝ መሆኑን የሚለካው ለፕሮጀክት በመቀጠሩ ነው፤ በወረዳው ደመወዝ የቀረው እንደ ሰነፍ ይታያል፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ግን ሥራው ላይ የሚገኘው ያ ሰነፍ የተባለው ነው። ለልጃችን ሠርግ ከአቅማችን በላይ ተበድረን እንደግሳለን፤ ለጋራ ነገር ግን እጃችንን አጣጥፈን የውጭ ሰው እንጠብቃለን፤ ሲዘገይብንም እንቆጣለን። አያቶቻችን ድልድይና ምንጭ በደቦ ሲሠሩ የማንንም ተለጣፊ አልጠበቁም።

ዳጉን አስቡት። አፋር ሰው ከሰው በበረሃው ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይነግራል፤ የሌላውንም ይሰማል፤ የየት ሰፈር ከብት እንደታመመ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ መንገዱ ሰላም መሆን አለመሆኑን ያወራል። ያላየውን አየሁ ያለ ሰው በዳጉ ዘንድ ይዋረዳል። ይህ ሥርዓት ለዘመናት የኖረው ማንም በጀት ይዞለት አይደለም፤ የሚጠቀሙበት ሰዎች ራሳቸው ጊዜያቸውን እየከፈሉለት ነው። እኛ ደግሞ የመድኃኒት ክምችት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ስናሠራ ስሙን «ዳጉ» አልነው፤ ስሙ ያማረ ነው፣ ሶፍትዌሩም ብዙ ጤና ተቋም ጠቅሟል። ሆኖም የተሠራው በውጭ ፕሮጀክት ድጋፍ ነው። ስሙን ከአፋር ወሰድን፤ አፋር የሚከፍለውን ዋጋ ግን መክፈል አልፈለግንም። የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የራሳችንን ስም ብንቀርጽበትም አያደምቅ።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ወዳጃችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሱም በመጋቢት ወር ውሉ እንደተቋረጠና እስካሁን ሥራ እየፈለገ እንደሆነ ነገረን። ይህን ቀድመን ብናውቅ ኖሮ በዚያ መልክ ባልተከራከርነው ነበር። ገንዘብ ያዡ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉና ለሚቀጥለው ወር የእድር መዋጮው እንዳያሳስበው፣ እሳቸው እንደሚከፍሉለት ነገሩት። እሱም «አይሆንም፣ ጋሼ፣ የራሴን እከፍላለሁ» አለ።

ልጅቱ ሰዓቷን አይታ ብድግ አለች። ቀኑ የወሩ 20 ነበር፤ የጤና ተቋማት ወር በ21 ተጀምሮ በ20 ይዘጋል፤ ሪፖርቱም እስከ 26 መድረስ አለበት። በእሷ ወረዳ ካሉት ጤና ኬላዎች የሦስቱ ታብሌቶች ስለማይሠሩ ሬጅስተሮቹን ሰብስባ በእጇ መቁጠር ነበረባት፤ የታክሲውን ለራሷ ከፍላ። ስልክ ጠጋኙም አብሯት ተነሣና ወደ እኔ ዞሮ፣ ሰኞ ጠዋት ባትሪውን ይዞ ጤና ጣቢያው በር ላይ እንደሚጠብቀኝ ነገረኝ፤ ዋጋውን ለአምስት እንካፈለዋለን።